የተቋረጠውን ተረት ስለ መቀጠል

ሰው የወደደው ነገር ሲያልቅበት ሁለተኛ እንዲጀመርለት መለመኑ ጠባዩ ነው። ዘፋኙ ዘፈኑን ሲጨርስ «ይደገም!» እያለ የሚያጨበጭበውን ሰው ማንም አይነቅፈውም፤ ዘፋኙ ገና ከመድረኩ አልወረደምና። ዳሩ ግን መድረኩ ከፈረሰ፣ ዘፋኙም ካረፈ ከዓመታት በኋላ «ይደገም» የሚል ሰው ቢነሣ፣ የሚፈልገው ነገር ምን እንደ ሆነና የሚፈልገውም ከማን እንደ ሆነ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በዘመናችን ይህ ልመና ከሁሉ ይልቅ በቴሌቪዥን ላይ በርትቷል። በውጭ አገር በተለይ በሥዕል የተሠሩት፣ በተለምዶ ካርቱን ወይም አኒሜሽን የምንላቸው ዝግጅቶች ከተቋረጡ በኋላ እንደገና ሲነሡ ደጋግመን እናያለን። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ተዋናይ ያረጃል፣ ይሞታል፤ በወረቀት ላይ የተሣለው ድመት ግን ከ80 ዓመት በኋላም አንድ ጠጕር አይሸብትበትም። ስለዚህ ባለ ገንዘቡ «ይህንን ማስነሣት ምን ያግደኛል?» ብሎ ያስባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከተቋረጡት የልጆች ዝግጅቶች ሁሉ ስሙ አብዝቶ የሚነሣው የአባባ ተስፋዬ ተረት ነው። «ይመለስልን፤ ቢቻል ደግሞ እርሳቸውኑ በሥዕል አስመስሎ፣ ድምፃቸውንም በኮምፒዩተር አስመስሎ ለዛሬ ልጆች ማቅረብ ነው» የሚል ሐሳብ በአዋቂዎች ጨዋታ መካከል ሲወረወር መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ነገሩ በሮቤና በጎባ ሲነሣ ደግሞ የአገር ልጅነት ኩራት ይጨመርበታል፤ አባባ ተስፋዬ የባሌ ተወላጅ ናቸውና። እኔ የሐሳቡን ግማሽ እደግፋለሁ፣ ግማሹን አጥብቄ እቃወማለሁ። የትኛውን ግማሽ እንደ ሆነ ለመናገር ግን አስቀድሞ ዝግጅቱ ራሱ ምን እንደ ነበረ መመርመር ያስፈልጋል።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ፣ ከዱ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የቴአትር ሰው ሆኑ፤ ሴቶች ከመድረክ በማይወጡበት በዚያ ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ እየሆኑ ተጫውተዋል፤ ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ኮሪያ ድረስ ሄደው ጨዋታ አሳይተዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የልጆቹን ክፍለ ጊዜ ያዙ፤ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም፣ 42 ዓመት ያህል፣ አልለቀቁትም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ቴሌቪዥኑም ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተለወጠ፤ የልጆቹ አያት ግን እዚያው ነበሩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዝግጅቱን ገልጦ ላየው ሰው ዕቃው እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ሽማግሌ፣ ጥቂት ልጆች፣ አንድ ተረት፤ ይኸው ነው። የሚንቀሳቀስ ሥዕል የለበትም፤ የሚያስደነግጥ ድምፅም የለበትም። ጅቡ ሲናገር ጅብ የሚሆኑት፣ ጦጣዋ ስትናገር ጦጣ የሚሆኑት እርሳቸው ብቻቸውን ናቸው። ከተረቱም በፊት ሰላምታ አለ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ብለው፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች መሆናቸውን ነግረው፣ እንደምን እንዳሉ ይጠይቃሉ። በየቤቱ በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ልጅም ሰላምታውን ይመልሳል። ታላላቆቹ ይሥቁበታል፤ እርሱ ግን የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ሽማግሌ ሰላም ሲል ዝም ማለት ነውር መሆኑን ከእናቱ ተምሯልና።

የዚህ ዝግጅት ጥበብ ሁሉ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ያለው በዚህ ሰላምታ ላይ ነው። ሌላው የቴሌቪዥን ነገር ሁሉ ማንንም ሳያይ የሚለፈልፍ ነው፤ እርሳቸው ግን ለልጁ ይናገሩ ነበር። ልጁም የሚናገረው ሰው በእውነት አንድ ቦታ እንዳለ፣ ሳል እንደሚይዘው፣ እንደሚደክመው፣ ምናልባትም አንድ ቀን በመንገድ ሊያገኘው እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ነቀፌታ የለበትም ግን አይባልም። እንደ አገራችን ተረት ሁሉ፣ ብልጣ ብልጡ እንስሳ ሞኙን አታልሎ ሲያሸንፍ ልጁ ከልቡ ከሣቀ በኋላ «ስለዚህ ማታለል መጥፎ ነው» የሚል ምክር ሲከተልበት ነገሩ ይደፈርሳል። ልጁ የሚያስታውሰው ሣቁን ነው፤ ምክሩማ በማግሥቱ ጠፍቷል። ሌላም ነቀፌታ አለ፤ ይህኛው የሚመለከተው ተራቹን ሳይሆን ዘመኑን ነው። ቴሌቪዥን ሲጀመር ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ አያልፍም ነበር። በዚያው ዓመት ባሌ በጦርነት ላይ ነበረች፤ እነ ዋቆ ጉቱ የመሩት አመፅ ከ1955 ዓ.ም. ገደማ ተነሥቶ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆይቷል። የባሌው ልጅ በዋና ከተማው ተቀምጦ ለዋና ከተማው ልጆች ሲተርት፣ በተወለደበት አገር የነበረው ሕፃን አንዱንም አልሰማም። የኋላ ኋላ ሥርጭቱ ደጋው ላይ በደረሰ ጊዜም ቋንቋው አማርኛ ነበር፤ በገጠሩ የሚኖረው ልጅ ግን የሚያልመው በአፋን ኦሮሞ ነው። እንግዲህ በባሌ «ይመለስልን» ሲባል፣ ለብዙው ቤት ቀድሞም ያልመጣው ነገር ነው የሚመለሰው።

አሁን ደግሞ ይህንን መንገድ ቀድመውን የሄዱበትን እንመልከት። በሮቤም ሆነ በጎባ የማያውቀው ልጅ የሌለ ሥራ ልውሰድ፤ ቶምና ጄሪን። ሐናና ባርቤራ የተባሉት ሁለት ሰዎች ይህንን ድመትና አይጥ እ.ኤ.አ. በ1940 ጀመሩ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ኩባንያው የሥዕል ክፍሉን ዘግቶ ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1958 እስኪቆም ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠርተው 7 የኦስካር ሽልማት አገኙበት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ባለቤቱ ኩባንያ ስሙ ገና ገበያ እንዳለው ስላየ፣ ሥራውን ፕራግ ለሚኖር ጂን ዳይች ለሚባል ሰው ሰጠው። ይህ ሰው ጥንቱንም የፊልሙን ድብድብ አይወደውም ነበር፤ ሠራተኞቹም ከቀድሞው ሥራ ያዩት ጥቂቱን ብቻ ነው። 13 ፊልም ሠሩ። ድመቱ ድመት ነው፣ አይጡም አይጥ ነው፤ ነገር ግን ድብደባው ያማል። በቀድሞው ፊልም ድመቱ በመጥበሻ ሲመታ ፊቱ የመጥበሻ ቅርጽ ይይዝና እንሥቃለን፤ በዚህኛው ሲመታ እናዝንለታለን። የሚያሥቀውን ምት ከሚያሳዝነው ምት የሚለየው በሰከንድ የሚቆጠር የጊዜ ልክ ነው፤ ያንን ልክ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እዚያ አልነበሩም።

ይህስ ይሁን፤ ባለቤቶቹ በሌሉበት ተሠርቶ ነው ይባል። እ.ኤ.አ. በ1975 ለቴሌቪዥን ሲነሣ ግን ሥራው የተመለሰው ወደ ሐናና ባርቤራ ድርጅት ነበር። የዚያ ዘመን ሕግና ወላጆች በልጆች ዝግጅት ላይ ድብድብ ስላልፈለጉ ድመቱንና አይጡን ጓደኞች አደረጓቸው፤ አብረው ይጓዛሉ፣ አብረው ይረዳዳሉ። በሐሳቡ ላይ ክፉ ነገር የለበትም። ነገር ግን ድመትና አይጥ ከታረቁ በኋላ የሚተረት ምን ይቀራል? እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ረጅም ፊልም ደግሞ ሁለቱንም አናገሯቸው፤ ከ50 ዓመት ዝምታ በኋላ አፍ አውጥተው የተናገሩት ነገር ሁሉ ባይናገሩት ይሻል ነበር። ስም ተርፏል፣ መልክ ተርፏል፣ ጠባይ ግን ጠፍቷል። ልጆች ይህንን ያለ ሐያሲ ያውቁታል። ምርጫ ስጧቸው፤ ከወላጆቻቸው አስቀድሞ የተሠራውን የቀድሞውን ይመርጣሉ።

በጎ ምሳሌ የለም ማለቴ አይደለም። ሳሙራይ ጃክ የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 ታሪኩ ሳይፈጸም ቆሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ያው ፈጣሪው ገንዲ ታርታኮቭስኪ ተመልሶ ፈጽሞታል። በመካከሉ የክፉውን መንፈስ ድምፅ የሚሰጠው ማኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞቷል። ምን አደረጉ? ግሬግ ቦልድዊን የተባለ ሌላ ሰው፣ በራሱ ስም፣ ቦታውን ተክቶ ተናገረ። ተመልካቹ ልዩነቱን ሰማ፤ ሰምቶም ተቀበለው። ያልተፈጸመ ታሪክ ነበራቸው፣ የሚፈጽመው ሰው በሕይወት ነበረ፣ የሞተውንም ሰው የሞተ ነው አሉ።

በአባባ ተስፋዬ ተረት ግን ያልተፈጸመ ታሪክ የለም። እያንዳንዱ ተረት በዚያው ቀን አልቋል። እንግዲህ «ይመለስልን» የሚለው ሰው የሚፈልገው ምንድር ነው? ጠያቂዎቹን እንመልከታቸው፤ የ30፣ የ40፣ የ50 ዓመት ሰዎች ናቸው። የ6 ዓመቱ ሕፃን አልጠየቀም፤ አያውቃቸውምና። ጠያቂው የሚፈልገው የራሱን ልጅነት ነው፤ ያንን ምሽት፣ ያንን ቤት፣ ምናልባትም ዛሬ በሕይወት የሌለች እናቱን። ይህ ናፍቆት የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ናፍቆትን ለልጅ እንደ ስጦታ አድርጎ ማቅረብ ሐቅ የለበትም፤ አባት የሚጥመውን ቡና ለሕፃኑ እንደ መቅዳት ያለ ነው።

ስለ ሥዕሉና ስለ ድምፁ ከላይ ያነሣሁት ሐሳብ ከዚህ ላይ ይገባል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የአንድን ሰው ድምፅ ጥቂት ሰምቶ፣ ሰውዬው በሕይወቱ ያልተናገረውን በድምፁ ይናገራል። ገንዘቡና መሣሪያው ያለው ሰው ቢፈልግ፣ አባባ ተስፋዬን በሥዕል ወንበር ላይ አስቀምጦ አዲስ ተረት ሊያስተርታቸው ይችላል። እኔ የምቃወመው ይህንን ነው። የዝግጅቱ ነፍስ ሰላምታው መሆኑን ተናግሬአለሁ፤ ሰላምታ ደግሞ ሰላም የሚል ሰው ይፈልጋል። ማንም ሳይኖር «እንደምን አላችሁ ልጆች» የሚል ድምፅ ለልጅ ሲላክ፣ ልጁ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው? ከዚህም የከፋ አለ። በሕይወት ያለ ሰው በስሙ ያልወደደው ነገር ቢነገር «ይህንን አላልኩም» ይላል፤ የሞተ ሰው አይልም። ዛሬ ተረት ያስተረተው እጅ ነገ የብስኩት ማስታወቂያ ያስነግረዋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ አንዱን ወገን አሞግሶ ሌላውን እንዲነቅፍ ያደርገዋል። 42 ዓመት ተደክሞበት የተገኘ የልጆች አመኔታ በአንድ ከሰዓት ይሸጣል።

በሥዕል መንካት ሁሉ ግን ክልክል ነው አልልም። የእንግሊዙ ቢቢሲ ዶክተር ሁ የተባለውን ተከታታይ ዝግጅቱን ብዙ ክፍሎች፣ ፊልሙ ውድ፣ መጋዘኑም ጠባብ በሆነበት ዘመን አጥፍቷቸው ነበር። ነገር ግን ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ መቅጃ ድምፁን ቀድተው አስቀምጠው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 ከታየው አንዱ ታሪክ አንድም ሙሉ ክፍል በሥዕል ሳይተርፍ ድምፁ ስለ ተረፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በእውነተኛው ድምፅ ላይ አዲስ ሥዕል ሣሉበት። ተዋናዩ የተናገረውን ተናገረ፤ ሠዓሊውም የራሱን ሥራ ሠራ፤ ማንም ሌላውን አልመሰለም። የአባባ ተስፋዬም ድምፅ በካሴትም ይሁን በፊልም የተረፈው ሁሉ ተለቅሞ፣ ተጠርቶ፣ ወጣት ሠዓሊዎቻችን ጅቡንና ጦጣዋን ቢሥሉበት ከልቤ ደስ ይለኛል። ከቤተ ሰባቸው ፈቃድ መጠየቅ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ማካፈል ተገቢ መሆኑን መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ቢሆንም በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ስለ ሆነ ተናግሬዋለሁ። የምደግፈው ግማሽ ይህ ነው።

የቀረው ሥራ የሕያዋን ነው፤ ሕያዋንም መሥራት እንደሚችሉ አይተናል። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርተው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሲጀምሩ፣ የ6 ዓመቷን ቀጭኔ የሠሯት ከካልሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ያቺው ቀጭኔ የጃፓንን ሽልማት አገኘች። ቆይተውም «ጥበብ ገርልስ» በተባለው የአኒሜሽን ሥራ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሦስት ልጃገረዶች አምጥተው ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የመሰለውን ጎጂ ልማድ አስነቀፉ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ትንሽ ቅር የሚለኝ፣ በእነዚህ ዝግጅቶች ትምህርቱ ከተረቱ ቀድሞ መድረሱ ነው፤ ልጁ ጨዋታ ብሎ ተቀምጦ እጅ መታጠብን ይማራል። የአባባ ተስፋዬ ምክር መጨረሻ ላይ ነበርና ቢያንስ ተረቱን አስጨርሶ ይመጣ ነበር።

አሁን ወደ ደጋው ልውጣ። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቲን ያቋርጣል፤ ከዚያም ላይ 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። በዚህ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም የሚበዙት ባሌ ላይ ናቸው። የአገሩ ሰው ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፣ ይለዋል፤ ልትወልድ የቀረበችን ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚጠብቅ ነው አሉ። ምግቡ ግን በይበልጥ ፍልፈል ነው፤ በዚያ አምባ ያለው ትልቁ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ዓይኑ ከራሱ አናት ላይ ነው። ከጕድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር ይግጥና ዘወር ሲሉበት ይሰወራል። ቀበሮው ከጕድጓዱ አጠገብ ጆሮውን ቀስሮ፣ እግሩን እንኳ ሳያነሣ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ለመገመት ሐናና ባርቤራ መሆን አያስፈልግም። የሮቤ ልጅ የአሜሪካኑን ድመትና አይጥ በስም ጠርቶ ይነግርሃል፤ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ያሉትን የራሱን ሁለት ባላጋራዎች ግን በሥዕል አላያቸውም።

ተረቱም አልጠፋም። በባሌ ኦዱ ዱሪ የሚባለውን የጥንት ወግ፣ ሂቦ የሚባለውንም እንቆቅልሽ የሚያውቁ አያቶች ዛሬም አሉ። የገብስ ቆሎ እየተቆረጠመ፣ ብርዱ በር ሲያንኳኳ፣ አኮ ስትጠይቅ ልጆቹ ሲመልሱ የሚያመሹበት ቤት አለ። ቁጥሩ ግን እየቀነሰ ነው፤ ልጁ በስልክ ላይ አጎንብሷል፣ አያቲቱም ሰሚ ስታጣ ዝም ብላለች። ታዲያ አባባ ተስፋዬ ከባሌ ይዘውት የወጡት ነገር ይህ አይደለምን? በቴሌቪዥን የታየው የልጆች ክፍለ ጊዜ የዚህ ምሽት ቅርንጫፍ ነበር። ቅርንጫፉ ደረቀ ብለን ስናዝን ግንዱ እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ነበረብን።

ስለዚህ ገንዘብና ፈቃድ ያለው ሰው ቢገኝ የምለው ይህ ነው። በሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቋንቋውን የሚያጠኑ ተማሪዎችም አሉት። መቅጃ ይዘው በየቀበሌው ይውጡ፤ የተራቿን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ፤ ከእርሷም ፈቃድ ይቀበሉ። ከተቀዳው ውስጥ የተሻሉት አሥር ተረቶች ተመርጠው፣ በእርሷው ድምፅ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ሥዕል ይሣልላቸው፤ ከሥሩ አማርኛው ይጻፍ። በመጀመሪያው ላይ አያቲቱ ራሷ ፊቷን አሳይታ ልጆቹን እንደ ልማዷ ሰላም ትበላቸው። አባባ ተስፋዬን መጥራት ከተፈለገ ሥራው ለመታሰቢያቸው ይሁን ተብሎ በመጨረሻው ላይ ስማቸው ይጻፍ፤ ያንን ማንም አይከለክልም።

አሥር ተረት ለመቅዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሥዕሉ ይዘገይ ይሆናል፤ ቢዘገይም ይጠብቃል። ቀረጻው ግን ከክረምቱ በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ ዝናቡ ከገባ ከአውራ ጐዳናው ርቀው ወዳሉት ቀበሌዎች መኪና በቀላሉ አይደርስም፤ ካዋቂዎቹም አንዳንዶቹ እጅግ አርጅተዋል።